ንጹሕ ቋንቋ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ

ባለፈው ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የምረቃ ድግስ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከነገሌ ቦረና መምጣቴን የሰሙ አንድ ምሁር ብርጭቋቸውን አስቀመጡና፣ «እናንተ ዘንድ ያለውማ ንጹሑ ኦሮምኛ ነው፤ ምንም ያልነካው!» አሉኝ። አጠገባቸው የነበሩት ነጋዴ ሳቁ። በሞያሌ መንገድ ብዙ ዘመን የተመላለሱ ሰው ናቸው። «የምን ንጹሕ! ግማሹ ዓረብ፣ ግማሹ ሱማሌ። የገጠር ቅይጥ ነው እንጂ» አሉ። ሁለቱም አንድ ቀን እንኳ ከአሬሮ ጥድ ሥር ቁጭ ብለው ሰው ሲያወራ እንዳልሰሙ ገባኝ። ክትፎው ጥሩ ስለ ነበር ዝም አልኩ። እዚህ ግን ዝም አልልም።

ከሳምንቱ ልጀምር። ቦረና ሰኞን አልሲኒና ይላል፤ ማክሰኞን ተላሳ፣ ረቡዕን አርባ፣ ሐሙስን ከሚሳ፣ ዓርብን ጉማታ፣ ቅዳሜን ሰብዲ፣ እሑድን አሀዳ። ዓረብኛ በጆሮው ሽው ያለበት ሰው ሁሉ ዘመዶቻቸውን ያውቃል። አልሲኒናማ የዓረቦቹን «አል» እንኳ ሳታወልቅ ነው የገባችው። ጎረቤቱ ሱማሌም ሳምንቱን የሚቆጥረው በዚያው በዓረብኛ ነው። ለመሆኑ «ምንም ያልነካው» ያሉት ምሁር ከሰኞ እስከ እሑድ ያለውን የት ሊያደርሱት ነው?

ነጋዴውም ቶሎ ደስ አይበላቸው። ደገኛው ኦሮሞ ረቡዕን ሮቢ፣ ቅዳሜን ሰንበታ ይላል። እነዚህ የማን ልጆች እንደሆኑ ለመለየት ምሁር መሆን አያሻም። ደገኛው ከሰሜን ጎረቤቱ፣ ቆለኛው ከምሥራቅ ጎረቤቱ ወሰደ። ዓርብ ደግሞ በሁለቱም ዘንድ የዓረቦቹ ጁምዓ ናት። እኛስ ብንሆን፣ ከሱቅ ሻይና ሳሙና ገዝተን መኪና ላይ ስንጭን የማንን ቃል ነው የምንጭነው?

«ቅይጥ» የሚለው ስድብ አንድ ነገር አዝሏል፤ ቃል ቢያጣ ለመነ እንደ ማለት ነው። ቦረና ግን የቀን ስም አጥቶ አያውቅም። አያና የሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ስም ያላቸው 27 ቀኖች አሉት። አያንቱ የተባሉት ዘመን ቆጣሪዎች ያለ ወረቀት፣ ከጨረቃና ከከዋክብት ጋር እያስተያዩ በቃላቸው ይይዟቸዋል። አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት «ገዳ» በተሰኘው መጽሐፋቸው በሰፊው ጽፈውበታል። በ2017 ዓ.ም. አባ ገዳ ኩራ ጃርሶ የስምንት ዓመት ዘመናቸውን ጨርሰው ሥልጣኑን ለጉዮ ቦሩ ያስረከቡት እዚያው አሬሮ ወረዳ፣ ባዳሳ ላይ ነው። ቆጠራ የቸገረው ሕዝብ እንዲህ ቀጠሮ አያከብርም! እንደ እኔ ግምት የሆነው ይህ ነው፦ የገበያው ሳምንት ሲመጣ ቦረና ገበያተኛው የሚጠራበትን ስም ተቀበለ፤ 27ቱን ግን ማንም እንዲነካበት አልፈቀደም። እኔ ይህንን ብልኅነት እለዋለሁ።

ነገሩ የድግስ ወሬ ሆኖ ቢቀር ብዕር ባላነሣሁ። የጎረቤቴ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ «የሳምንቱን ቀኖች ጻፍ» ተብሎ ተፈተነ። አልሲኒና ብሎ ጀምሮ አሀዳ ብሎ ጨረሰ። ከሰባቱ አንዷ ብቻ ተረፈችለት፤ ሐሙስ። እሷም የተረፈችው መጽሐፉ ከሚሳ ስለሚላት ነው። ሌሎቹ ላይ ቀይ ኤክስ ተጋድሞባቸዋል፤ መጽሐፉ የሚያውቀው ዊጠታን፣ ኪብጠታንና ሮቢን ነዋ! ወረቀቱን ለአያቱ ሲያነብላቸው እሳቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እኔ ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ገበያ የወጣሁት በተሳሳተ ቀን ነው?»

አንድ የጋራ የጽሑፍ ቋንቋ ያስፈልጋል የሚለውን አልቃወምም። ከወለጋ እስከ ሞያሌ በአንድ መጽሐፍ መማር ትልቅ ነገር ነው። ግን የጋራ ቤት ሲሠራ የአንዱን ዕቃ ደጅ መጣል ምን ይሉታል? ቃላቱ እንደሆኑ አልጠፉም፤ ቶን ሌውስና ሲንቲያ ሳልቫዶሪ እ.ኤ.አ. በ2006 «አዳ ቦራና» የተባለ ወፍራም የባህል መዝገበ ቃላት አዲስ አበባ ላይ አሳትመዋል። ፍቺው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ፈረንጅ አንብቦ የሚያውቀውን ቃል የአሬሮ ልጅ ቢጽፈው ዜሮ ያገኝበታል።

መምህሩን ሄጄ አነጋገርኩት። ከሩቅ አገር የመጣ፣ ትሑት ወጣት ነው። «ጋሼ፣ ምን ላድርግ፤ መጽሐፉ ላይ የለም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ የለም። እንዲገባ ነው የምለው። ከሮቢ ጎን አርባን ለመጻፍ ግማሽ መስመር ይበቃል።