ገማቹም ከፋዩም አንድ ሲሆን!

ትምባሆ ለሸዋ ሮቢት ሰው ባዕድ ነገር አይደለም፡፡ ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት ቅጠሉን ካለማባቸው ቦታዎች አንዷ ሮቢት ናት፡፡ የዚህ ድርጅት 40 ከመቶ ድርሻ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ለጃፓን ቶባኮ በ510 ሚሊዮን ዶላር በጨረታ ተሸጠ፡፡ በ2010 ዓ.ም. ታኅሣሥ ደግሞ ሌላ 30.95 ከመቶ በ434 ሚሊዮን ዶላር ሄደ፡፡

እስቲ እናስላው! በመጀመሪያው ሽያጭ ስሌት መላው ድርጅት 1 ቢሊዮን 275 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል፡፡ በሁለተኛው ግን ከ1 ቢሊዮን 400 ሚሊዮን ያልፋል፡፡ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ምን ተጨመረ? አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፡፡ ሁለተኛው ግዢ ጃፓኖቹን ከግማሽ በላይ አሳለፋቸው፡፡ ከግማሽ በላይ የያዘ ያዛል፤ ማዘዝም ዋጋ አለው፡፡ ለነገሩ ያ ሁሉ ገንዘብ ያረጀ ማሽንና የቅጠል ማድረቂያ ቤት መግዣ አልነበረም፡፡ የተገዛው ለድርጅቱ በሕግ ተሰጥቶት የነበረው ብቸኛ መብትና የነገ ገበያ ነው፡፡

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ፡፡ የሀብት ዋጋ ትናንት የወጣበት ወጪ ብቻ አይደለም፤ ነገ የሚያስገባውም ጭምር ነው፡፡ መንግሥት የራሱን ሲሸጥ ይህን አሳምሮ ያውቃል፡፡ ጨረታ ያወጣል፣ ተጫራች ያፎካክራል፡፡ የዜጋውን ሲወስድስ?

እዚያ ላይ ጨረታ የለም! በይፋት ቆላ መንገድ ሲሰፋ፣ ከተማ ሲለጠጥ፣ በ2007 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው የአዋሽ–ኮምቦልቻ ባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ መሬት መወሰዱ አልቀረም፡፡ ለልማት መሬት መወሰዱን አንቃወምም፡፡ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ ይከፈል ይላል፡፡ ጥያቄያችን “ተመጣጣኝ” ያለው ማን ነው? የሚል ነው፡፡

የእርሻ መሬት በአገራችን ስለማይሸጥ የገበያ ዋጋ የለውም፡፡ ስለዚህ የሚገመተው በገቢው ነው፡፡ በ1997ቱ አዋጅ 455 የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ በ10 ይባዛ ነበር፡፡ የ2011ዱ አዋጅ 1161 ይህን አሻሽሎ የሦስት ዓመቱን ከፍተኛ ገቢ በ15 እንዲባዛ አደረገ፡፡ እሰየው! ግን ገበሬው ሽንኩርቱን በደላላ እጅ ያለ ደረሰኝ ሲሸጥ የኖረ ነው፡፡ ከፍተኛ ገቢውን በምን ያስረዳል? ማስረጃ ከሌለው የቢሮው ሠንጠረዥ የጻፈው ይጸድቅበታል፡፡ ያው አዋጅ ግምቱ ፈቃድ ባለው የግል ገማች እንዲሠራ ይፈቅዳል፡፡ እሱ ከሌለና ራሱን የቻለ የመንግሥት ገማች ተቋምም ከታጣ ግን ሥራው አስተዳደሩ ለሚያቋቁመው ኮሚቴ ይወድቃል፡፡ በገጠር ወረዳ ፈቃድ ያለው የግል ገማች ስንት ቦታ ይገኛል? ወሳጅ፣ ገማችና ከፋይ አንድ ቤት ገቡ ማለት ነው፡፡

የሂሳብ ሙያ ለዚህ መድኃኒት አለው፡፡ አዋጅ 847/2006 አገራችንን ወደ ዓለም አቀፉ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ አስገብቷል፡፡ በዚያ ደረጃ “ፍትሐዊ ዋጋ” ማለት ሻጭና ገዢ ሳይገደዱና ሳይጣደፉ በገበያ ቢገናኙ፣ በግምቱ ቀን ሻጩ የሚያገኘው ዋጋ ነው፡፡ ማስረጃውም በሦስት ደረጃ ይመዘናል፡፡ አንደኛ፣ የዚያው ዕቃ በይፋ የሚታወቅ የዕለት ዋጋ፤ በ2006 ዓ.ም. ወደ ምርት ገበያ የገባውን ማሾ ያስቧል፡፡ ሁለተኛ፣ የተመሳሳይ ዕቃ ዋጋ፤ የጎረቤት ወፍጮ ቤት በስንት ተሸጠ እንደማለት፡፡ ሦስተኛ፣ ሁለቱም ሲጠፉ የነገን ገቢ መገመት፡፡ ከማሳ ያልተነቀለ ሽንኩርት እንኳ የመሸጫ ወጪው ተቀንሶለት በገበያ ዋጋ ይያዛል፡፡

ሦስተኛው ደረጃ ግን አደገኛ ነው፡፡ የአሜሪካው ኤንሮን ገና ያላገኘውን የነገ ትርፍ ዛሬ እየመዘገበ ቆይቶ በ2001 እ.ኤ.አ. የወደቀው በዚሁ መንገድ ነው፡፡ ስለዚህ ገማች “ይህን ያህል ነው” ብሎ መነሣት የለበትም፤ ከምን ተነሥቶ እንደደረሰበት ያሳይ!

ቀኑም ይታሰብ፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፡፡ በሰኔ የተገመተ የውሃ መሳቢያ ሞተር ክፍያው በጥቅምት ቢደርስ ያ ገንዘብ የትኛውን ሞተር ይገዛል? የዘገየ ካሣ የተቀነሰ ካሣ ነው፡፡

ስለዚህ እንላለን፡፡ የግምቱ ወረቀት ከነስሌቱ ለባለቤቱ በእጁ ይሰጠው፡፡ ገማቹ ከከፋዩ ደሞዝተኛ ይለይ፡፡ ክፍያው ከዘገየ ግምቱ ይታደስ፡፡ የሂሳብ ተማሪዎቻችን ስለ ፍትሐዊ ዋጋ ለፈተና ብቻ አይሸምድዱ፤ ቆላ ወርደው ገበሬውንና ነጋዴውን መዝገብ መያዝ ያስተምሩ፡፡ ዛሬ በደብተር ያልሰፈረ ገቢ ነገ ካሣ አይሆንምና!

ትምባሆው በጨረታ ዋጋውን አገኘ፡፡ የሮቢት ገበሬ ከትምባሆ ያንሳል እንዴ?

የሰውን ሀብት የሚገምት አስቀድሞ ራሱ ይገመት!