የለውዝ ዘር እጥረት፦ የተሻሻለው ዝርያ ለምን ከማሳ አይደርስም?

በምሥራቅ ሐረርጌ ዞን በባቢሌ፣ በፈዲስና በጉርሱም ወረዳዎች ለውዝ የብዙ አርሶ አደር ቤተሰብ የጥሬ ገንዘብ ምንጭ ነው። አሸዋማው አፈር ለሰብሉ ይስማማዋል፤ ከሐረር ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የባቢሌ ከተማ ስምም ከኦቾሎኒ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ይሁን እንጂ የግንቦትና የሰኔ ዝናብ ሲጥል በርካታ አርሶ አደሮች የሚዘሩትን ለውዝ የሚያገኙት ከዘር አቅራቢ ሳይሆን ከገበያ ነው። ለምግብ የቀረበ፣ ዝርያው የተደባለቀ፣ የቆየበት ጊዜም የማይታወቅ ምርት በዘር ስም ወደ ማሳ ይገባል።

ችግሩ የዝርያ አለመኖር አይደለም። የወረር ግብርና ምርምር ማዕከል ለዓመታት የለውዝ ዝርያዎችን ሲያወጣ ቆይቷል። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲም ባቢሌ 1፣ ባቢሌ 2 እና ባቢሌ 3 የተባሉ ዝርያዎችን ለአካባቢው አበርክቷል። ክፍተቱ ያለው ምርምሩ ካወጣው ጥቂት ኩንታል መነሻ ዘር አንሥቶ በሺዎች የሚቆጠሩ አርሶ አደሮች እስከሚያስፈልጋቸው መጠን ድረስ ባለው የብዜት ሂደት ላይ ነው።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የሰብሉ ተፈጥሮ ነው። ለአንድ ሄክታር በቆሎ 25 ኪሎ ግራም ያህል ዘር ሲበቃ፣ ለውዝ ግን የተፈለፈለ 80 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ ሊፈልግ ይችላል። በዝናብ ብቻ በሚለማ ማሳ የተዘራው ለውዝ መልሶ የሚሰጠው ዘር ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 እጥፍ ቢሆን ነው። አንድ ኩንታል መነሻ ዘር በየወቅቱ 10 እጥፍ እየተባዛ ቢሄድ፣ ከሦስት የምርት ወቅቶች በኋላ 1,000 ኩንታል ይሆናል። ይህም የሚሸፍነው 1,250 ሄክታር ገደማ ብቻ ነው። ዝናብ ከተቋረጠ ደግሞ ስሌቱ ይፈርሳል።

ሁለተኛው ምክንያት የገበያው ነው። ለውዝ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ሰብል በመሆኑ አርሶ አደሩ ካመረተው ላይ ቀንሶ ለተከታታይ ዓመታት ሊዘራ ይችላል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የዘር አዋጅም አነስተኛ አርሶ አደሮች ያስቀሩትን ዘር እርስ በርስ እንዲለዋወጡና እንዲሸጡ ክፍት አድርጎ ነበር። ይህ ለአርሶ አደሩ ጥቅም ቢሆንም፣ በየዓመቱ ከሚገዛው ዲቃላ በቆሎ ትርፍ የሚያገኝ ድርጅት ክብደቱ ብዙ፣ ደንበኛው ግን በየዓመቱ የማይመለስ ዘር ለማባዛት አይቸኩልም።

ታዲያ አርሶ አደሩ የራሱን ዘር ለምን አያስቀርም? መልሱ ያለው ከጥቅምትና ከኅዳር አዝመራ እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ውስጥ ነው። ዕዳና የቤት ወጪ ስለሚጠብቁት አርሶ አደሩ ዋጋው በረከሰበት ወቅት ይሸጣል፤ በዘር ወቅት ደግሞ ያንኑ ምርት በውድ ዋጋ ይገዛል። ከለውዝ ፍሬ ግማሽ ያህሉ ዘይት በመሆኑም አንዴ ከተፈለፈለ የመብቀል ኃይሉን በቶሎ ያጣል። ከነቅርፊቱ ማቆየት ይሻላል፤ ነገር ግን ሰፊና ደረቅ ማከማቻ ይጠይቃል።

ጉዳዩ ከምርት መጠንም ያልፋል። በድርቅ የተጎዳ ወይም በሚገባ ሳይደርቅ የተከማቸ ለውዝ አፍላቶክሲን ለተባለው የሻጋታ መርዝ ይጋለጣል። ይህ መርዝ የጉበት ካንሰር ያስከትላል፤ የውጭ ገበያንም ይዘጋል። ቅርፊቱን ለማለስለስ ውሃ መርጨት አደጋውን ያባብሰዋል። ስለዚህ ጥሩ ዘርና ጥሩ አያያዝ ተነጣጥለው ሊታዩ አይገባም።

ከዚህ በመነሣት ሸክሙን ለመሸከም ቅርብ የሆኑት ዘር አባዥ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው። ሆኖም ማኅበር ማቋቋም ብቻውን አይበቃም። አንደኛ፣ ምርምር ማዕከላት የሚያቀርቡት መነሻ ዘር ዓመቱ ከመግባቱ በፊት በውል መታወቅ አለበት፤ በወረር እንዳለው ያለ የመስኖ መሬትም በበጋ ተጨማሪ ብዜት ሊያስገኝ ይችላል። ሁለተኛ፣ ማኅበራት በአዝመራ ወቅት የአባሎቻቸውን ዘር ገዝተው እስከ ግንቦት የሚያቆዩበት የብድር ገንዘብና መጋዘን ያስፈልጋቸዋል። ሦስተኛ፣ የጥራት ቁጥጥሩ ወደ ወረዳው መቅረብ ይኖርበታል።

በማላዊ ዓለም አቀፉ የሰብል ምርምር ተቋም ኢክሪሳት በተዘዋዋሪ ፈንድ ይህን መንገድ ሞክሯል። ከውል አምራቾች የተገዛው የለውዝ ዘር ሲሸጥ፣ ገንዘቡ ተመልሶ ለቀጣዩ ዓመት ብዜት ይውላል።

የዘር ሥርዓቱ ውጤት መመዘን ያለበት በተመዘገቡት ዝርያዎች ቁጥር ሳይሆን በግንቦት ወር ነው። ዝናቡ ሲጥል የባቢሌው አርሶ አደር የሚዘራውን ዘር ዝርያ አውቆ፣ እንደሚበቅልለትም ተማምኖ ከሰፈሩ ማኅበር መግዛት ከቻለ፣ ምርምሩ ከማሳ ደርሷል ማለት ይቻላል።