ከበሮው ምን አጠፋ?

እስቲ በግልጽ እንነጋገር። ልጅ ቅዳሜ ማታ ተሽቀርቅሮ ጭፈራ ቤት ሲገባ አገር የፈረሰ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። የአገር ዘፈን የሚዘፈንበት ቤት ከሆነ «ይሁን፣ ልጅነት ነው» ብለው ያልፉታል። «ሀውስ» የሚባለው ሙዚቃ ከሆነ ግን፣ ያ ግጥም የሌለው፣ ዱብ ዱብ እያለ ሌሊቱን የሚያነጋው፣ እሱ በቃ «የባህል ወረራ» ነው። ፍርዱ ተሰጥቷል። እኔ ደግሞ ይግባኝ ብያለሁ። ከተከሳሾቹ መካከል አንዱ ያለ ጥፋቱ ታስሯልና። እሱም ከበሮው ነው።

አንድ ጊዜ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፍሬ ነበር። ጉጉፍቶ ላይ ብርዱ በመስኮት ሲገባ ረዳቱ ፍላሽ ሰክቶ ሀውስ ለቀቀብን። አጠገቤ የተቀመጡ ጋቢ የለበሱ አባት ብዙ ታገሡና፣ «አንተ ልጅ፣ ይኸ ነገር ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?» አሉ። አውቶቡሱ በሳቅ ሞላ። ከኋላ የነበረ ተማሪ «አባቴ፣ ዘፈን የለውም፤ ከበሮ ብቻ ነው» አላቸው። ጥቂት አዳመጡና፣ «ከበሮውስ ይሁን፤ ተቀባዩ የታለ?» አሉ።

በባህል ወረራ ላይ ከተደሰኮረው ሁሉ የእኚህ አባት ጥያቄ ይበልጥብኛል። ከበሮውን አልከሰሱም። የጠየቁት ሰዉ የት ገባ ብለው ነው።

ሀውስ በአጭሩ በደቂቃ ከ120 እስከ 130 ጊዜ ገደማ፣ በእኩል ርቀት የሚመታ ከበሮ ነው። መቺው ማሽን ነው። ዲጄው አንዱን ሙዚቃ ከሌላው ጋር ሳያቋርጥ እያያያዘ፣ ድምፅ እየጨመረና እየቀነሰ፣ ሰውን ቀስ በቀስ እያሞቀ ይወስደዋል። ታዲያ ይህ ለወሎ ሰው አዲስ ነገር ነው? መንዙማ በድቤ ታጅቦ፣ አውጪው እያወጣ ሕዝቡ እየተቀበለ፣ ቀዝቀዝ ብሎ ጀምሮ እየጋለ ሌሊቱን ሲያነጋ የኖረው የት ነው? ማኅሌቱስ? በዝማሜ ተጀምሮ፣ በጸናጽል ረግቶ፣ ከበሮው ሲጨመር ወደ ጽፋት እየፈጠነ የሚሄደው የሊቃውንት ሥርዓት ከየት መጣ? የሰርጉን ዳስማ ተዉት።

ልብ በሉ፤ ጸሎትን ከጭፈራ ጋር እኩል አላደረግሁም። አምልኮ አምልኮ ነው፤ ጭፈራም ጭፈራ። እኔ የምለው፣ ሌሊትና ከበሮ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚደነግጥ ሰው ቢኖር ወሎዬ መሆን የለበትም ነው።

የሀውስን የትውልድ ታሪክም እንየው። እ.ኤ.አ. በ1977 ቺካጎ ውስጥ «ዌርሃውስ» የሚባል ቤት ተከፈተ፤ መጋዘን ማለት ነው። ፍራንኪ ናክልስ የሚባል ዲጄ ያጫውት ነበር፤ ሀውስ የሚለውም ስም ከዚሁ ቤት መጣ። የሚገቡት በሌላው ቤት በር የሚገፈተሩ ጥቁርና ላቲኖ ወጣቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ቆርጬ አልነግራችሁም። አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፦ ቤቱ መጠጥ አይሸጥም ነበር። ጭማቂና ውኃ ነበር የሚቀርበው። ሰዉ የሚመጣው ሊጨፍር ነው።

በዚያው ከተማ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 1979 ምን ሆነ? በዲስኮ ሙዚቃ የተማረሩ ሰዎች በአንድ የቤዝቦል ስታዲየም ተሰብስበው ሸክላዎቹን በፈንጂ አጋዩአቸው። ተመልካቹ ሜዳውን ወረረ፤ ሜዳው ተበላሸ፤ ቀጣዩ ጨዋታም በፎርፌ አለቀ። ሸክላው ቢቃጠልም ከበሮው አልሞተም፤ በማሽን ታግዞ ሀውስ ሆኖ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ያው ከተማ ዌርሃውስ የነበረበትን መንገድ በፍራንኪ ናክልስ ስም ጠራው። ሰው ዛሬ የሚያባርረውን ነገር ከ25 ዓመት በኋላ «ቅርሴ» ይለዋል።

እንግሊዞች ደግሞ የባሰ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ሕግ፣ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ሌሊት የሚጨፍረውን ወጣት ለመበተን ሲሉ፣ የሚከለከለው ሙዚቃ «ተደጋጋሚ ምት» የሚበዛበትን ይጨምራል ብለው ጻፉ። ይህ ሕግ ወሎ ላይ ቢሠራ ድምፅ ማጉያ የገባበት የሰርግ ዳስ ሁሉ ፖሊስ ጣቢያ ባደረ ነበር!

እኛስ ብንሆን? አዝማሪነት ስንት ዘመን ስድብ ሆኖ ኖረ። ዛሬ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ አገር ስም ይዘው፣ በሙዚቃ ትምህርት ቤት ይጠናሉ። ያን ጊዜ አዝማሪን ደጅ ያሳደረ ሰው የልጅ ልጁ ዛሬ ሀውስን ደጅ ያሳድራል። ሮፍናን እ.ኤ.አ. በ2018 «ነጸብራቅ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ የማሽኑን ምት ከአገር ቤት ድምፅ ጋር አጋብቶ አሳይቷል። ጋብቻው እንደሚሆን ታይቷል ማለት ነው።

እንግዲህ ከበሮው ነጻ ይውጣ። ዋናው ተከሳሽ ማነው? ጠረጴዛው ነው!

አዲስ አበባ፣ ቦሌ አካባቢ የሚገኙትን ዘመናዊ ክለቦች ያየ ሰው ይፍረደኝ። በር ላይ ጠባቂው መጀመሪያ የሚያየው ጫማህን ነው። ገብተህ ደግሞ ጠረጴዛ ያለ ጠርሙስ አይሰጥም። መሀል ላይ ያለችው መጨፈሪያ በጠረጴዛ ተከባ የመሶብ ክዳን አክላለች። ያለው ተቀምጦ ይታያል፤ የሌለው ቆሞ ያያል። ለተገፉ የተሠራ ሙዚቃ፣ መግፊያ ሆኖ ቁጭ! ጭማቂ እየተጠጣበት ያደገውን ከበሮ አምጥተን የውስኪ ማሻሻጫ አደረግነው። «ተቀባዩ የታለ?» ላሉት አባት መልሱ ይኸው ነው፤ ተቀባዩ ሒሳብ እየከፈለ ነው።

ወደ ደጋው እንመለስ። መካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ያለባት ከተማ ናት። ከየአገሩ የመጣ የ19 እና የ20 ዓመት ልጅ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲያጠና የከረመ፣ ቅዳሜ ማታ አንድ ሰዓት ላይ የት ይሂድ? «ይተኛ» የሚል መልስ መልስ አይደለም። እኛ በዚያ ዕድሜ ተኝተን ነበር እንዴ? ሕጋዊ አዳራሽ የሌለው ልጅ ወይ መጠጥ ቤት ይገባል፣ ወይ መጋረጃ የተጋረደበት ጫት ቤት። ከዚያ እኛው፣ አዳራሽ ያልሠራነው ሰዎች፣ ስብሰባ ጠርተን «ትውልዱ ጠፋ» እንላለን።

ሴት ልጅማ ከሁሉም የከፋ ዕዳ አለባት። ሰርግ ቤት እስኪነጋ ብትጨፍር «ጨዋ፣ ተጫዋች» ትባላለች። አክስቷም አጎቷም እዚያው ናቸው፤ ማንም እጁን አያነሣባትም። ያቺው ልጅ ክለብ ገብታ በዚያው ትከሻ፣ በዚያው ወገብ ብትጨፍር ስሟ ይጠፋል። በመንገድ አንድ ነገር ቢደርስባት እንኳ «ምን ልታደርግ ወጣች?» ነው የምትባለው። ልዩነቱ ሙዚቃው ነው? አይደለም። ዳሱ ውስጥ የሚያያትና የሚጠብቃት ሰው አለ፤ ክለቡ ውስጥ የለም። የሚያስፈራው የጨፈርንበት ሌሊት አይደለም፤ የተደበቅንበት ሌሊት ነው።

ከበሮ የሌለበት ሌሊት ደኅና መስሎ ለሚታየው ሰው ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስ። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ በነበረ ጊዜ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ጨፋሪው በር ተዘግቶበት እስኪነጋ እዚያው ያድር ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ እነባሕር ዳርና ጎንደር እንደገና ሰዓት እላፊ አዩ። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ጊዜው ቢያበቃም ተኩሱ አብሮት አላበቃም። ሰርግ በቀን አልቆ እንግዳ ሳይመሽ የተሸኘበትን ዘመን ያየ ሰው፣ የወጣት ጭፈራ ሰምቶ ሊቆጣ አይገባም፤ ተመስገን ሊል ነው የሚገባው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የወጣት ማዕከል የሚባሉት ቤቶች ቁልፍ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከዘበኛው ኪስ አይግባ። ቅዳሜ ማታ አዳራሹ ይከፈት። ሻይና ቡና ይሸጥ፤ አልኮል አይሸጥ። መግቢያው ተማሪ የሚችለው ይሁን። ዲጄው ሀውሱን ያጫውት፤ መሲንቆ መቺውም ተራ ይሰጠው፤ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይማማሩ። የከተማው ትልልቅ ሰዎችም ለፍርድ ሳይሆን እንደ ሰርግ ታዳሚ ይምጡ፤ ወንበር ይሰጣቸው። ሲያበቃ ሴቶቹ ልጆች ሰፈራቸው የሚያደርሳቸው ባጃጅ ቀድሞ ይታሰብላቸው።

ይህን ካደረግን በኋላ የጠፋ ልጅ ካለ እንውቀሰው፤ ያኔ አፍ ይኖረናል። እስከዚያው ግን ለልጆቹ ቤት ሳንሠራ «ሀውስ» አበላሻቸው ማለታችን ይቅርብን።