የእንጨት ጠመንጃው ይቅርና አንቀጽ 17ን ስጧቸው

የካቲት 23 በመጣ ቁጥር ትምህርት ቤቶቻችን የሚያደርጉት ያው ነው። ልጆች ነጭ በነጭ ይለብሳሉ፣ ጋሻ ይፈለጋል፣ የእንጨት ጠመንጃ ይታደላል። ምኒልክን ለመሆን ሽሚያ ነው፤ ጣሊያን የሚሆን ግን ስለማይገኝ መምህሩ ያስገድዳል። እኔም በልጅነቴ ተገድጄ ጣሊያን ሆኜ ወድቄያለሁ። ከዚያ ቀን የማስታውሰው የጉልበቴን መላላጥ ነው። ጦርነቱ ለምን እንደተነሳ የነገረኝ አልነበረም።

ተማሪ በተግባር ይማር የሚለውን አልቃወምም። ጥያቄዬ ተግባሩ ምን ይሁን የሚል ነው።

የመካነ ሰላምን ተማሪ እንውሰድ። የ1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ የሸዋን ሰው ለጥቅምት እኩሌታ የቀጠረው እሱ በሚኖርበት በደቡብ ወሎ፣ ወረኢሉ ላይ ነበር። የቦረና ገበሬ ልጅ ኩንታልንም የአህያ ጭነትንም ያውቃል። እንግዲህ ያስላ። ሠራዊቱ 100 ሺህ ያህል ነበር ይባላል። ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ብንይዝ 500 ኩንታል፣ ማለትም 1,000 አህያ ጭነት በየቀኑ ያስፈልጋል። እስከ የካቲት 23 ባሉት አራት ወራት 60 ሺህ ኩንታል ይደርሳል። ግምት ነው፤ ልጆቹ ቁጥሩን ይለዋውጡት። ግን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ክፉ ቀን በሬው ካለቀ ወዲህ ይህ እህል ከማን ጎተራ ወጣ? ማን ፈጨው? በጀግንነት ድርሰቶቻችን ውስጥ ባላገሩና ስንቅ ያዘጋጁት ሴቶች ቦታቸው ጠባብ ነው።

ከዚህ ይልቅ የምጓጓለት ግን ምስለ ችሎቱ ነው (የሕግ ሰው አመል ይሆናል)። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት መጠቀም «ይቻላቸዋል» ይላል። በጣሊያንኛው ደግሞ ለመጠቀም «ተስማምተዋል» የሚል ነው። ሮም ይህችን ቃል ይዛ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለኃያላኑ አስታወቀች። ክፍሉን ለሁለት ክፈሉት። አሁን ጣሊያን የሚሆን አይጠፋም፤ የሚሟገትበት ነገር አለውና። የኢትዮጵያ ጠበቃም ሁለቱም ጽሑፎች እኩል ይጸናሉ የሚለውን አንቀጽ 19ን ይመዝዛል። ምኒልክ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ውሉን መሻራቸው ሕጋዊ ነበር ወይ? ይከራከሩበት።

መምህሩ ክፍሌ የተጨናነቀ ነው፣ መጽሐፍ የለኝም ይለኛል። እውነቱን ነው። ነገር ግን ለዚህ የሚያስፈልገው ሁለት ገጽ ወረቀት ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ውጊያ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ክፍል የመግባት ዕድል የቀናው የዚያ አካባቢ ልጅ ተኩስን ከእኛ አይማርም። ጦርነት ከመጀመሩ በፊት በቃላት ምን እንደሚሆን ግን ማንም አላሳየውም።

አንድ ወዳጄ «የጣሊያን ወገን ክርክሩን ቢረታስ?» አለኝ። ይርታ! ያኔ መምህሩ ከአድዋ በኋላ ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. የተፈረመውን፣ ውጫሌን የሻረውን የአዲስ አበባ ውል ያውጣ። የተጻፈው በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነው። ጣሊያንኛው ለምን እንደቀረ ልጆቹን ይጠይቃቸው።