ከቅርጫው ባሻገር



ሃምሳ አምስቱ የጾም ቀናት ወደ ፍጻሜያቸው ሲቃረቡ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ የታወቀ ጉዳይ ይነሣል። ሠራተኞች ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ከብት በመምረጥ የታመኑት ወደ ገበያ ይላካሉ፤ በሬው ታርዶ ሥጋው በየመደቡ ከተስተካከለ በኋላ ዕጣ ይወጣል። ዕጣ ማዕረግ አያውቅምና የመምሪያ ኃላፊውም ተላላኪውም የደረሳቸውን እኩል መደብ ይዘው ወደየቤታቸው ይገባሉ።

ቅርጫ ሥጋ መከፋፈያ ብቻ አይደለም። አዲስ የተቀጠረ ወጣት የሥራ ድርሻውን ከመመሪያ ሊማር ይችላል። ለቅሶ መድረስን፣ የታመመ ባልደረባን መጠየቅን፣ የጋራ ገንዘብን በእምነት መያዝን ግን የሚማረው ከመሥሪያ ቤቱ ዕድር፣ ከዕቁቡና ከቅርጫው ነው። በዚህ ኑሮ ውስጥ ያደገ ሰው ለሀገር አዋጣ ሲባል ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። የታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ በመጋቢት ወር 2003 ዓ.ም. ከተቀመጠ ወዲህ በርካታ ሠራተኞች ከደመወዛቸው በየወሩ እያስቆረጡ ቦንድ ገዝተዋል። ግድቡም በጳጉሜን ወር 2017 ዓ.ም. ተመርቋል።

ይሁን እንጂ መቀራረብ ሁሉ በጎ ፍሬ ያፈራል ማለት አይደለም። ፍቅሩ ከመሥሪያ ቤቱ አጥር ካላለፈ ወደ መሸፋፈን ይለወጣል። የባልደረባን መቅረት መሸፈን፣ እጅ መንሻ ሲቀበል አይቶ እንዳላዩ ማለፍ እንደ ወዳጅነት ይቆጠራል። በሰሙነ ሕማማት ቢሮው ባዶ ሆኖ፣ ከሩቅ የመጣው ባለጉዳይ “ከበዓል በኋላ ተመለስ” ተብሎ ሲሸኝ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። የጡረታ መዝገቡን ለማስተካከል ደጅ የሚጠና አረጋዊ፣ የሠራተኞቹ አንድነት የሚታወቀው በተዘጋ መስኮት ነው። በግቢው ውስጥም ቢሆን ክፍያቸው ለመዋጮ የማይበቃ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች አሉ። የዕርዱን ቦታ አጥበው፣ በሩን ጠብቀው፣ ባዶ እጃቸውን ይገባሉ።

ይህ ፈተና አዲስ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናነበው፣ ያላቸውን በጋራ ይጠቀሙ በነበሩት የመጀመሪያዎቹ ምእመናን መካከል እንኳ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለት እርዳታው ተዘንግተው ማጉረምረም ተነሥቶ ነበር። ሐዋርያት ቅሬታውን አልናቁትም፤ ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚገኝባቸው ሰባት ሰዎች ለአገልግሎቱ እንዲመረጡ አደረጉ። የአንድ ማኅበር ጽናት የሚመዘነው የታደሉትን በመቁጠር ሳይሆን የተዘነጉትን በመፈለግ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ከበዓሉ በፊት የብዙው የመንግሥት ሠራተኛ የመጨረሻ የሥራ ቀን ጸሎተ ሐሙስ ነው። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡ በሚታሰብበት በዚህ ዕለት በየአብያተ ክርስቲያናቱ የሕፅበተ እግር ሥርዓት ይፈጸማል። በዕለቱ እግሩን ለመታጠብ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሠራተኛ፣ በዚያው ቀን ከጠረጴዛው ፊት የቆመውን ባለጉዳይ እንዴት እንዳስተናገደ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል።

ስለሆነም ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ የበሬ ግዥው ከሥራ ሰዓት ውጭ ይሁን፤ ይህ ካልተቻለም ሠራተኞች ተራ ገብተው መስኮቱ ክፍት ሆኖ ይዋል። ሁለተኛ፣ ከየቅርጫው አንድ መደብ ማዋጣት ለማይችሉት ይቀመጥ፤ እሱም እንደ ምጽዋት ሳይሆን እንደ ባልደረባ ድርሻ በክብር ይሰጥ። ሦስተኛ፣ ሲያጠፋ ያየነውን ባልደረባ በፍቅር እንምከር እንጂ አንሸፍን።

በየቤቱ መሶቡ ቀርቦ ጾሙ ሲፈታ፣ ቤተሰቡን ያስደሰተው ገቢ ሌላውን ደጅ በማስጠናት የተገኘ አለመሆኑ ለማዕዱ ትልቁ በረከት ነው እንላለን።

መልካም የትንሣኤ በዓል!