የክረምቱ ቀን ይታወቃል፤ የርዳታችንስ?

ቤተ ክርስቲያናችን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ጊዜ ዘመነ ክረምት ብላ ስለ ዝናም፣ ስለ ዘርና ስለ ደመና እያነሣች ታመሰግናለች፤ ትማልዳለች። ክረምት መቼ እንደሚገባ ለካህኑም ለገበሬውም የተሰወረ አይደለም። ይሁን እንጂ ጎርፍና የመሬት መንሸራተት በደረሰ ቁጥር ርዳታ ማሰባሰብ የምንጀምረው፣ ያልታሰበ ነገር እንደ መጣብን ሆነን፣ ከቀብር በኋላ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ዘመነ ክረምት በገባ በ20ኛው ቀን፣ ሐምሌ 15፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን እናስታውስ። በዝናም የራሰው ተራራ መጀመሪያ ጥቂት ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤቶች ተጠራርተው በአካፋና በእጃቸው አፈሩን ሲቆፍሩ ዳግመኛ ተናደባቸው። ከ220 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሌላውን ለማዳን የመጡ ነበሩ። ነፍስን ስለ ወዳጅ አሳልፎ መስጠትን እኛ በዐውደ ምሕረት እንሰብከዋለን፤ እነርሱ ፈጸሙት። ፍቅር አልጎደላቸውም። የጎደላቸው አስቀድሞ የተዘጋጀ መሣሪያና ስለ ሁለተኛው ናዳ የሚያስጠነቅቅ ሰው ይመስለኛል።

በዚያው ክረምት፣ በነሐሴ፣ በሰሜን ጎንደር ጠለምትም መሬት ተንሸራትቶ ሰዎች ሞተዋል፤ ሌሎችም ቀያቸውን ለቀዋል። በዚህ ስፍራ ግን ሌላ ሸክም ተደርቧል። አካባቢው ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የቆየው ጦርነት የነካው ነው፤ በአማራ ክልልም ከ2015 ክረምት ጀምሮ ሌላ ግጭት ተከትሏል። ጦርነት ዝናም አያዘንምም፤ ነገር ግን መንገድ ይዘጋል፣ ጎተራ ያራቁታል፣ ሰውን ከቤቱ አውጥቶ ድንኳን ውስጥ ይጥላል። ከወለጋ ተፈናቅሎ በደብረ ብርሃን መጠለያ ለሚኖር ቤተሰብ የሐምሌ ዝናም፣ እኛን በቆርቆሮ ሥር የሚያስተኛን ዝናም፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስቆም ነው።

ይህ መደራረብ የእኛ ብቻ አይደለም። ፊሊፒንስ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. በደረሰባት ታላቅ አውሎ ነፋስ ከ6,000 በላይ ሰዎችን አጥታለች፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በማራዊ ከተማ በተነሣ ውጊያ ከ300,000 በላይ ሰዎች ተፈናቅለዋል። ሞትን ማስቀረት ባትችልም፣ በ2002 ዓ.ም. ያወጣችው ሕግ ግን ሊታይ ይገባዋል፤ እያንዳንዱ የአካባቢ አስተዳደር ከመደበኛ ገቢው ቢያንስ 5 በመቶውን ለአደጋ እንዲያስቀምጥ ያዛል። ከዚህም 30 በመቶው ለአስቸኳይ ርዳታ ሲሆን፣ የሚበልጠው ድርሻ ለቅድመ ዝግጅት የሚውል ነው።

ፐርሰንት ማውጣት ለሰበካ ጉባኤዎቻችን አዲስ ነገር አይደለም። ከተመሠረተ ከ50 ዓመት በላይ የሆነው የቤተ ክርስቲያናችን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንም አለ። የጎደለው ሁለቱን የሚያገናኝ ቋሚ ሥርዓት ነው። የካህናቱን ደመወዝ መክፈል ያቃተው የገጠር አጥቢያ ይህን ይሸከም ማለት ግፍ ነው። በአብነትና በአካባቢው፣ በአጠቃላይም በአዲስ አበባ ያሉ አጥቢያዎች ግን ከሙዳየ ምጽዋትና ከስእለት ገቢያቸው ጥቂቱን ለይተው ማስቀመጥ ይችላሉ። ብርድ ልብስ፣ ሸራና የውኃ ማከሚያ ተገዝቶ መንገድ ሳይበላሽ በየሀገረ ስብከቱ እንዲቀመጥ ከተፈለገ፣ ውሳኔው ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ሳምንታት መተላለፍ አለበት። ሰኔ 26 ከገባ በኋላ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለመንገዱም ለድንኳኑም ይዘገያል።