የአደይ መሐል

መስከረም በጠባ በሳምንቱ ስልኬ በቢጫ ይሞላል። ከወግዲም ይላክልኝ፣ ከመካነ ሰላም ወይም ከከላላ፣ ፎቶው ያው ነው፤ ከፊት አዲስ ልብስ የለበሰ ሰው፣ ከኋላ አደይ። የአደዩ ቢጫነት ያልበቃው ሰው ደግሞ ፊልተር ጨምሮበት፣ ሣሩ ሳይቀር ወደ ቢጫ አዘንብሏል። ሰው አይነሳ አላልኩም፤ ዓውደ ዓመት ነው፣ ይነሳ። ግን "አደይ አነሳሁ" ብሎ የሚለጥፈው ሁሉ አደይን አላነሳም ባይ ነኝ።

ምክንያት አለኝ። አንዲት አደይ የምንላት አንድ አበባ አይደለችም። ዙሪያዋን የከበቧት፣ ብዙ ጊዜ ስምንት ገደማ የሚሆኑት ቢጫ የአበባ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው፤ በአብዛኛውም ፍሬ አይዙም። ሥራቸው ንብ መጥራት ነው፤ የሱቅ ታፔላ በሏቸው። ገበያው ያለው መሐል ላይ ነው። እዚያ ጥቃቅን አበቦች ተጠጋግተው ቆመዋል፤ የሚፈኩትም በየተራ፣ ከዳር ወደ መሐል ነው። ቀረብ ብላችሁ ስታዩ ዳር ያሉት ሥራቸውን ጨርሰው ጫፋቸው ለሁለት ተሰንጥቆ ወደ ውጭ ተጠቅልሏል፤ ቀጥለው ያሉት ጠቆር ካለ ቱቦ ውስጥ የአበባ ዱቄት ወደ ላይ እየገፉ ነው፤ መሐል ያሉት ገና አልተፈቱም። ከጥፍር በማትበልጥ ቦታ ላይ ያለፈው፣ የአሁኑና የሚመጣው አብረው ይታያሉ። በኅዳር የሚቆረጠው የአደይ ማር የሚመጣውም ከዚህች መሐል ነው። በፊልተር ቢጫውን ያደመቀ ሰው እንግዲህ ታፔላውን ነው የቀባው።

ታዲያ እንዴት ይነሳ? ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ስልክ ነው፤ እኔ ግን ከሰዓት እጀምራለሁ። በመስከረም በወግዲ ደጋ ማለዳ 1 ሰዓት ላይ አየሩ ጸጥ ይላል። ረፋድ ሲሆን ከዓባይ በረሃ የሚወጣው ሙቀት ነፋስ ይዞ ይመጣና ሜዳው መወዛወዝ ይጀምራል። ከሩቅ ለሚያነሳ ይህ ምንም አይደል፤ በቅርብ ለሚያነሳ ግን የአበባዋ ቅንጣት እንቅስቃሴ ፎቶውን ያደበዝዘዋል። በቀትር ደግሞ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትወጣ ቢጫው ይቃጠላል፤ በአበባው ቅጠል ላይ ያሉት ስስ መስመሮች ጠፍተው ወጥ ቢጫ ብቻ ይቀራል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ጣታችሁን አበባዋ ላይ አቆዩ፣ ፎከሱ ይቆለፋል፤ አጠገቡ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ታች ጎተት አድርጉ። ፎቶው ጨለም ቢል አትደንግጡ፤ የጨለመው በኋላ ይበራል፣ የተቃጠለው ግን አይመለስም።

ከቀትር ሌላ ጊዜ የሌለው ሰው ጓደኛውን ነጠላ ያስዘርጋ። ብርሃኑ በነጠላው ሽመና ውስጥ አልፎ ሲወርድ ጥላው ይለዝባል። በብዙ ብር የሚገዛው የብርሃን ማለስለሻ ከዚህ የተለየ ሥራ የለውም።

ስለ ስልኩ የምለው አጭር ነው። በርካሽ ስልኮች ጀርባ ላይ "ማክሮ" እየተባለች የምትጨመረዋን ባለ 2 ሜጋፒክሰል ሌንስ እርሷት፤ ለሽያጭ ማሳመሪያ የገባች ናት። በዋናው ካሜራ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብላችሁ ሁለት እጥፍ አቅርቡ። በጣም ከተጠጋችሁ ፎከስ አይዝም፣ የስልኩ ጥላም አበባዋ ላይ ያርፋል። ከዚያ በፊት ሌንሱን ጥረጉ እንጂ! ኪስ ለኪስ የዋለ ሌንስ ላብና አቧራ ለብሶ "ስልኬ አያነሳም" የሚል ሰው ብዙ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን መንበርከክ ነው። ከላይ ወደ ታች የተነሳች አበባ ከጀርባዋ ጭቃና ድርቆሽ ይዛ ትወጣለች። ከአበባዋ ትይዩ ከወረዳችሁ ግን ጀርባዋ የሩቁ ተራራ ጥላ ይሆናል፤ የወግዲ ገደላገደል ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ታዲያ በማሳ ዳር መንበርከክ ጥያቄ ያስነሳል፤ በተለይ በዚህ ዘመን። አስቀድሞ ባለማሳውን ማስፈቀድ ደግ ነው። እኔ በዚያ አገር ባቄላ ማሳ ዳር ተንበርክኬ ሳለ አንድ አባት ከኋላዬ መጡና፣

"ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?" አሉኝ።

"ምንም አልጠፋብኝም አባባ፤ የባቄላዋን አበባ ላነሳት ብዬ ነው።"

"ታዲያ ቀጥፈህ አትወስዳትም? ደግሞ ይንበረከክላታል!"

በነጩ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ በስልኬ አሳየኋቸው። ብዙም አልገረማቸውም። "የተልባዋን ከፈለግህ ግን በጠዋት ና፤ ቀትር ካለፈ አታገኛትም" ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እውነታቸውን ነው፤ የተልባ ሰማያዊ አበባ ማለዳ ፈክታ ከቀትር በኋላ ትረግፋለች። የፎቶ መምህራን ስለ ሌንስ ብዙ ይላሉ፤ አበባዋ ስንት ሰዓት ላይ እንደምትረግፍ የነገሩኝ ግን እኚህ ገበሬ ናቸው።

ከመካነ ሰላም ባሻገር ባለው በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ ደግሞ ችኮላ የማያውቅ፣ ጅብራ የሚባል ተክል አለ። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር አይገኝም፤ ለብዙ ዓመት አድጎ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ያብብና ይሞታል። ያንኑ ተክል በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ማንሳት የለም። ጎብኚው ግን ከጎኑ ቆሞ ቁመቱን ተለካክቶ ይነሳና ይሄዳል፤ አንዷን አበባ ለብቻዋ ያነሳት ሰው ጥቂት ነው።

ይህን ያህል የምነዘንዘው ለውበት ብቻ አይደለም። የአገራችንን ዕፅዋት የሚዘረዝረው "የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ" ሥራው እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ተጠናቋል፤ ስምንት ቅጽ ነው። የአደይን ወገን በተለይ ያጠኑት ዶክተር መስፍን ታደሰ ሲሆኑ፣ ጥናታቸው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው በሄርባሪየም፣ ማለትም በዕፅዋት ናሙና ማኖሪያ፣ ተጭኖ በደረቀ ናሙና ነው፤ የደረቀ አበባ ደግሞ ቀለሙም ቅርጹም ይለወጣል። የቀረውን መያዝ የሚችለው ፎቶ ነው፤ ከሥሩ የቀበሌው ስምና ቀኑ ከተጻፈ። አንድ ብቻም አይበቃም፤ ቅጠሉንና ግንዱን፣ የአበባዋንም ጀርባ ጨምሩ። አደይ የምንለው አንድ ዝርያ ብቻ ስላልሆነ፣ አንዱን ከሌላው ለመለየት ፍሬውም ያስፈልጋል። ፍሬው የሚደርሰው ቢጫው ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ በጥቅምት መጨረሻ ወደዚያው ሜዳ መመለስ ግድ ነው።